ፎርማት ይደረግ

ኮምፒውተር ቀጥ ሲል ሐረር ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ቃል ነው፦ ፎርማት ይደረግ። ይግባኝ የለውም። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር፣ ማውሱ ስታክ ቢያደርግ፣ ማሽኑ በየአሥር ደቂቃው ራሱን ሪስታርት ቢያደርግ፣ ኪቦርዱ ላይ አንድ ስኒ ቁጢ ቢደፋበት፣ ፍርዱ ያው ነው። የሠርጉ ፎቶ፣ ያላለቀው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእቁቡ ሒሳብ ሁሉ ተጠራርጎ ይወጣና ከዚያው ካረጀ ፍላሽ ሌላ ዊንዶውስ ይጫናል። ባለቤቱ ከፍሎ ይወስዳል፣ ጥቂት ቀን እሰየው ይላል፣ ከዚያ ያው ሰማያዊ ተመልሶ ይመጣል።

ፍርዱ ሁሌም ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፤ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። የሚያናድደው ተከሳሹ ሳይለይ መሰጠቱ ነው። ኮምፒውተር ሲወድቅ ተጠርጣሪው ሁለት ነው፤ ወይ ዕቃው ነው፣ ወይ ፕሮግራሙ ነው። እኛ ግን የምንከስሰው በማስረጃ ሳይሆን በዝምድና ነው። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ቫይረስ የማንም ዘመድ ስላልሆነ ቢታማ የሚቀየም የለም። ጠጋኙ «ዊንዶውሱ ነው» ይላል፤ ዊንዶውስ መጫን ያውቅበታላ! ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ተምሮ የመጣው የአክስት ልጅ ደግሞ «ፕሮግራሙ ምንም አልሆነ፣ ማሽኑ ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል። የሸጠው ነጋዴ፣ «እኔ ስሸጥላችሁ ምን የመሰለች ማሽን ነበረች፤ መብራቱ ነው ያቃጠላት» ይላል። መብራቱ መልስ እንዳይሰጥ ብዙ ጊዜ የለም።

ይህን ሁሉ ችሎት የምከታተለው መኪና ግርግር ላይ ነው። ሐረርን ለማያውቅ፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል ውስጥ የሚወርድ፣ ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የሞሉት ጠባብ መንገድ ነው። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ጩኸት ነው። እዚያ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለ፤ ባለቤቱን «ኢንጂነር» እንለዋለን፤ ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ እኛ ዘንድ ኢንጂነር ነው። ከጎኑ አንድ አዛውንት ሰፊ መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ። ኢንጂነር እንደ አገሩ ልማድ «አንተ» ይላቸዋል። አዲስ አበቤ ሲሰማ ይደነግጣል፤ እሳቸው ግን የሚደነግጡት «አንቱ» ያላቸው ቀን ነው፤ ገንዘብ ሊበደር መጣ ማለት ነዋ።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ኮምፒውተሩ ዘንድ ሳይሆን በር ላይ ነው። ማሽኑ ድርግም ሲል ኢንጂነር ብቅ ይልና ወደ ማዶ ይጣራል፦

«አቦ! እናንተ ጋ አለ?»

«የለም!» ከተባለ መንደሩ ሁሉ ደስ ይለዋል። መብራት መሄዱ ሳይሆን የጋራ መሆኑ ነው የሚያጽናናው። «አለ!» ከተባለ ግን ፊቱ ይጠቁራል። የኔ ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ ማንም የኮምፒውተር ኮሌጅ አያስተምረውም እንጂ ከምርመራዎች ሁሉ አንደኛ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ለቆ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን ሰማያዊ ሆኑ፤ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ታወከ። ያን ቀን አንዷን ማሽን ነጥሎ ያየ ጠጋኝ የማስታወሻ ሰሌዳዋን፣ ራሟን፣ ነቅሎ ሲፈትግ ይውል ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ላዩን ሲያዩት የዕቃ ብልሽት ከሚያሳየው ሰማያዊ አይለይማ። በር ላይ ወጥቶ «እናንተ ጋስ?» ያለ ግን ወዲያው ገባው። ስምንት ሚሊዮን ራም ተማክሮ በአንድ ጠዋት አይሞትም። ብዙ ማሽን አንድ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው፤ እሱም ወይ መብራት ወይ ፕሮግራም ነው። ከመቶው አንዷ ብቻ ከወደቀች ዕቃዋን ጠርጥሩ።

በዚያው ዓመት መጋቢት 7 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ እንዲያወጣ ፈቀደ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ሲስተሙ ሲሻሻልና ሲፈተሽ የተፈጠረ ችግር ነው አለ፤ ያላግባብ የወጣውና የተዘዋወረው ገንዘብ ደግሞ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ። ያን ሌሊት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪው የጎረቤት ጥያቄን በሚገባ ተጠቅሞበታል። «የኔ ኤቲኤም ብቻ ነው ወይስ የናንተም?» ተባለ፤ የሁሉም ሆነ፤ ሶፍትዌር መሆኑ ተረጋገጠ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ያመለከተ ግን አልሰማሁም።

ሁለተኛውን ምርመራ ያመጡት ሰፊው ናቸው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በተደጋጋሚ ፎርማት የተደረገች ዴስክቶፑን ተሸክሞ መጣ። ኢንጂነር ፍላሹን አወጣ። ይኼኔ ሰፊው እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ።

«ያን ፍላሽ አስቀምጠው። የኔ መኪና ስፌት ስትዘል ፈትቻት አውቃለሁ? መጀመሪያ መርፌ እቀይራለሁ። እምቢ ካለች መርፌውን እተውና ክር እቀይራለሁ። እምቢ ካለች ሌላ ጨርቅ እሞክራለሁ። አንድ በአንድ ነው። ሁለቱን ባንዴ ከቀየርክ ሌባው የትኛው እንደነበር አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«አባባ፣ አንተ ደግሞ! ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው።»

«መርፌ የለውም?»

ኢንጂነር ተናዶ ነው የከፈታት። ከውስጧ የጀጎል ቀይ አፈር ዱቄት ሆኖ ተጋግሯል፤ ማራገቢያዋ ላይ አንድ የደረቀ የጫት ቅጠል ተለጥፏል። ራሟ ሁለት ነው። አንዱን ነቀለና አስነሣት፤ ወደቀች። መለሰና ሌላውን ነቀለ፤ ተነሣች፣ ሙሉ ከሰዓት ሠራች። ያን የነቀለውን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ፈተገ፤ ላጲሱ ጠቆረ፣ ጥርሱ አበራ። (ይህ የጠንቋይ ሥራ ይመስላል እንጂ ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ዝገትና ቅባት ኤሌክትሪኩን ያስቸግረዋል።) መልሶ ሰካው፤ ወደቀች። ሌላ ማሽን ላይ ሰካው፤ ያቺም ወደቀች። ሌባው ተያዘ። ያ ሁሉ ፎርማት፣ ያ ሁሉ የጠፋ ፋይል፣ ለአንዲት ቀጭን ሰሌዳ ነበር።

ሰፊው ምንም አላሉም። መኪናቸውን ብቻ ከወትሮው ጮክ አድርገው ረገጡ።

ከዚያ ወዲህ ኢንጂነር ጠባይ ማጥናት ጀመረ። የሁለቱ ተጠርጣሪዎች ጠባይ ይለያያላ። ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ግትር ነው። ዛሬ ያንን ፋይል ስትከፍት ከወደቀ ነገም ያንኑ ፋይል ስትከፍት ይወድቃል፤ ሰኞም፣ አርብም፣ ሌላ ማሽን ላይም። አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ያረጀ የአማርኛ መጻፊያዋን ስትከፍት ብቻ ማሽኗ ይሞት ነበር፤ በሌላ ፕሮግራም ቀን ሙሉ ብትሠራበት ምንም አይል። ይኼ ፕሮግራም ነው፤ አዲሱን ስትጭን ተገላገለች። የታመመ ዕቃ ግን አመለኛ ነው። ዛሬ ፊልም ላይ ይወድቃል፣ ነገ ደብዳቤ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ማንም ሳይነካው። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚጽፈውም ምክንያት በየጊዜው ይለያያል። ከሁሉ ይልቅ የሚያጋልጠው ደግሞ ያ ፎርማት ራሱ ነው፦ ዊንዶውስ ሲጫን አንዴ 20 ፐርሰንት ላይ፣ አንዴ 71 ላይ የሚያቋርጥ ማሽን፣ ሌላ ፍላሽ ቀይራችሁም ያው ከሆነ፣ ራሙን ወይም ዲስኩን መርምሩ እያለ ነው። ገና ያልተጫነ ሶፍትዌር ምን በወጣው ይከሰሳል?

ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የለም እንጂ አንዳንዱ ግልጽ ነው። «ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር» የሚለው ከመጣ ዕቃው ራሱ ፈርሞ የሰጠው የእምነት ቃል ነው፤ ማሽኑ ውስጥ የማይታረም ስህተት አጋጥሞኛል ማለቱ ነው። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚለው ግን ሁለት ምላስ አለው፤ ከራምም ከክፉ የድራይቨር ፕሮግራምም ይመጣል። (ቁጥር የሚጽፉም አሉ። ቁጥር ከተነሣ፣ ዓለም 404ን የሚያውቀው «ገጹ አልተገኘም» በሚለው መልእክት ነው። ሐረር ላይ ግን 404 ማለት እጅ ሲነሳለት የሚቆም ፔጆ ታክሲ ነው። ባጃጅ ቢያሳንሰውም ፈልጎ ያጣው የለም።)

ሙቀትም አመል አለው፤ እሱ ግን ሰዓት ያከብራል። ጠዋት ደህና ሆኖ ፊልም ከከፈቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጭጭ የሚል፣ አርፎ ሲቆይ ደግሞ የሚነሣ ማሽን ነፍሱ ነው የታፈነችው። ሐረር ቤት ውስጥ ኮምፒውተር እንደ ሙሽራ ስለሚከበር ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉን አንሡለት።

ዕቃው አጥፍቶ ፕሮግራሙ መታማቱ የኛ መንደር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን አንድ ገጠመኝ ጽፎ ነበር። ከደንበኞች ከሚላኩ የብልሽት ሪፖርቶች መካከል ጨርሶ ሊሆን የማይችል ተገኘ፤ ፕሮግራሙ የወደቀው ፕሮሰሰሩ አንዲቷን የራሱን ኪስ «ዜሮ አድርግ» ሲባል ነው። ይህ ትእዛዝ ሊከሽፍ አይችልም፤ ከሜሞሪ የሚያመጣው የለ፣ የሚያካፍለው የለ። ለባለቤቶቹ ተጻፈላቸው። ነገሩ ኦቨርክሎክ ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮሰሰሩ ከተፈተነበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ተደርጓል። ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ያደረጉት ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ቃሉንም ሰምተውት አያውቁም፤ ሱቁ ነው ፈጣን ነው ብሎ እንደዚያ አድርጎ የሸጠላቸው። ፈረንጅም ይሸወዳል ለካ! እኔ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለው በኛ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

የጊልድ ዋርስ ጨዋታ ሠሪዎችም በማያውቁት ብልሽት ሲሰደቡ ቆይተው ጨዋታው ውስጥ ትንሽ የሒሳብ ፈተና ደበቁ፤ መልሱ የሚታወቅ ስሌት ነው። ከመቶ ኮምፒውተር አንዱ ገደማ የተሳሳተ መልስ ሰጠ። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የተራ ሰው ኮምፒውተሮችን መዝገብ አይተው፣ በስምንት ወር ውስጥ በርከት ያለ ሰዓት ከሠሩት መካከል ከ190 አንዱ በፕሮሰሰር ጥፋት እንደሚወድቅ አገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው በሉ። ግን አንዴ በዚህ የወደቀ ማሽን ደግሞ የመውደቅ ዕድሉ ከሦስት አንድ ገደማ ይሆናል። ዕቃ እንደ ሰው ቂም ይይዛል፤ ፎርማት ሽምግልና አይሆነውም።

ከሰዓት በኋላ በርጫ ሲጀመር ምርመራው ይረቅቃል። ምርቃና ላይ ያለ ጠጋኝ ራም አይከስስም፤ ሰማይን ነው የሚከስሰው። አንድ ቀን ኢንጂነር ቀንጠብ ቀንጠብ እያደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ቤልጂየም፣ ብራስልስ ሻርቤክ በሚባል ሰፈር፣ በኮምፒውተር በተደረገ ምርጫ አንዲት እጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ አገኘች፣ ምክንያቱም ከጠፈር የመጣ ጨረር የኮምፒውተሩን አንዲት ቢት ገለበጣት አለን። ሳቅን። ሆኖም ከመቶ የበርጫ ወሬ አንዱ እውነት ነው ከተባለ ይኼ ያ አንዱ ነው። ፕሮግራሙ ተመርምሮ ስህተት አልተገኘበትም፤ 4,096 ደግሞ በኮምፒውተር አቆጣጠር የአንዲት ቢት ዋጋ ነው። ጨረሩን በዓይኑ ያየ የለም፤ የቀረው ግምት ግን እሱ ነው።

ኢንጂነር ቀጠለ። ጨረሩ ከፍ ባለ አገር ይበዛል፤ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ታልፋለች፤ ስለዚህ የሐረር ኮምፒውተር ሁሉ በጨረር ነው የሚሞተው ብሎ ደመደመ። ምርቃናው ራሱ ከፍታ እንዳለው ረሳው። ጉግል ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 የራሱን እልፍ ሰርቨሮች መዝገብ ባወጣ ጊዜ በዓመት ከመቶ ራም ስምንቱ ገደማ ስህተት እንደሚያሳይ ታየ። አብዛኛው ግን ከሰማይ የመጣ አይመስልም፤ አንዴ የተሳሳተ ራም ደጋግሞ የሚሳሳት ሆኖ ተገኘ። ጨረር ቢሆን ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ይመታ ነበር። ሰማዩ በነጻ ተለቀቀ።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሕግ ግን የሚያፈርሱ አሉ። ሸዋ በር አካባቢ አንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይጠፋ ነበር። እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ፕሮግራም ነው ተባለ፤ አፕዴት ነው ተባለ፤ ሰዓት የተሞላለት ቫይረስ ነው ተባለ፤ በእርግጥም ፎርማት ተደረገ። የፈታችው የጽሕፈት ሠራተኛዋ ናት። «እሑድ ገብቼ ስሠራ አይጠፋም» አለች። እሑድ ምን የለም? ከጎን ያለው ብየዳ ቤት። ባለ ብየዳው በየጠዋቱ ሥራ ሲጀምር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ያረጀው የኮምፒውተሯ ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ዩፒኤስ የላትም እንዴ ካላችሁ፣ አላት። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ሲያዩት ግርማ ሞገስ አለው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ጅብ በሚቀለብበት ከተማ መሆኑን ረስተውት ነው።

ሌላው አንድ መምህር ነው። «ኮምፒውተሬ በገዛ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ገባ» ብሎ መጣ። እውነትም ቀኑ ወደ ኋላ ስምንት ዓመት ግድም ሄዷል። መምህሩ በነገሩ ኮርቶ ነበር፤ ያስቸገረው ኢንተርኔቱ ብቻ ነው፤ አንድም ድረ ገጽ እሺ አይለውም፣ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይመልሰዋል። ኔትወርኩ ተወቀሰ፣ ብራውዘሩ ተቀየረ። ጥፋተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ነበረች። እሷ ስትሞት ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ፋብሪካ ወደተሞላለት ይመለሳል፤ ብራውዘሩ ደግሞ የድረ ገጾችን የምስክር ወረቀት ቀን ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያስተያያል፣ አልገጥም ሲል በር ይዘጋል። ፍጹም የሶፍትዌር መልክ ያለው፣ ፍጹም የዕቃ በሽታ። ባትሪዋ ተቀየረች። መምህሩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለሱን ያን ያህል አልወደደውም።

እንግዲህ ወደ ጥገና ቤት ስትመጡ አራት ነገር አድርጉልን። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የተጻፈውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ምን ስትሠሩ እንደወደቀና ስንት ጊዜ እንደወደቀ ተናገሩ፤ «ምንም ሳልነካው ነው» አትበሉ፣ ያንን ሁሉም ይላል። ማሽኑ ገና እየተነሣ ሳለ ፋይላችሁን ገልብጡ፤ ኢንጂነር ተሻሽሏል ብልም ያን ፍላሽ አልጣለውም። ደግሞ በአላህ፣ በእግዜር፣ ላፕቶፕ ስታመጡ ቻርጀሩንም ይዛችሁ ኑ፤ ስንቱ ጥፋተኛ ቤት ተሰክቶ ቀርቷል።